ሁሉም እርጅና አይደለም

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ገለጥ ሲል አስቀድሞ የሚታየው ሸክም ነው። የተሸካሚዋ መልክ ሳይለይ ጭራሮው፣ ቢጫው ጀሪካን ወይም በኬሻ የታጨቀው ኩበት ከነጩ ጉም ውስጥ ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ጎንበስ ያለች ሴት ትታያለች። እግሯ ድንጋዩን ያውቀዋል። መኪና ሲመጣ ዳር ትይዛለች፤ ሲያልፍ መንገዷን ትቀጥላለች።

ከአዲስ አበባ የተነሣ ተጓዥ ደብረ ብርሃንን አልፎ እዚህ ሲደርስ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ብርድ ይቀበለዋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው የሠሩት 587 ሜትር ዋሻ ሲያልቅ ምድሩ ድንገት ገደል ይሆናል። መንገዱ እየተጠማዘዘ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ከፍታው 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ገብስና ባቄላው ቀርቶ የማሽላ አገር ይጀምራል። ተሳፋሪው ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ያያል፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፣ ይሄዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ለምትኖረው ሴት ግን ዳገቱ የዕለት ሥራዋ ነው። ውሃው ከታች፣ ቤቱ ከላይ። ስትወርድ ባዶ ጀሪካን፣ ስትወጣ 20 ሊትር፤ ክብደቱም 20 ኪሎ። በእርግዝናዋም፣ በአራስነቷም፣ ስድሳ ዓመት ሲሞላትም ኪሎው አይቀንስላትም።

ይህ ዘገባ ሸክሙ በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚተወው ነገር ነው፤ ዕድሜ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆንና ለምን እንደማይነገርም ጭምር።

ስለ ሕመሙ የሚነገረው በአብዛኛው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ጠና ያሉ እናት ጤና ጣቢያ ይመጡና ‹‹ወገቤን ይቆርጠኛል›› ይላሉ። ማስታገሻ ይጻፍላቸዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሣሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ልጄ፣ ሌላም ነበረኝ…›› ይላሉ። ወረፋው ከረዘመ፣ ወይም መርማሪው ወጣት ወንድ ከሆነ፣ ያ ሌላው ነገር ሳይነገር ቤታቸው ይመለሳል። ጎረቤት ቢጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ‹‹ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው።››

‹‹እርጅና ነው›› የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከሥሩ እውነትም እርጅና የሆነ ነገር አለ። በቀላሉ የሚታከም በሽታም አለ። ሳይዘገይ ካልተደረሰበት የሚገድልም አለ። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ለአንዲት ሴት የሃያና የሠላሳ ዓመት ኑሮ ጉዳይ ነው።

ከሸክሙ እንጀምር። ‹‹ማህፀኔ ወረደ›› ወይም ‹‹ማህፀኔ ወጣ›› ብለው ሴቶች የሚጠሩት ሕመም አፈጣጠሩን ለመረዳት የጠፍር አልጋን ማሰብ ይበቃል። አልጋውን የሚይዘው ከዳር እስከ ዳር የተወጠረው ጠፍር ነው። በሴት ዳሌ ውስጥም የሽንት ፊኛ፣ ማህፀንና የትልቁ አንጀት ጫፍ የተቀመጡት እንዲህ በተወጠረ የጡንቻና የጅማት ወለል ላይ ነው። ጠፍሩ አዲስ ሳለ ምንም ቢጭኑበት ይችላል። ምጥ ይለጥጠዋል፤ ረጅም ምጥ ደግሞ ከመለጠጥ አልፎ ይበጥሰዋል። ልጅ በተደጋገመ ቁጥር ይላላል። ከአራስነት ሳይጠነክር ሸክም ሲጫንበት፣ በጭስ ቤት ውስጥ የከረመ ሳል ሲደበድበው፣ የሆድ ድርቀት ሲያስምጥ፣ በየዕለቱ ወደ ታች ይገፋል። በመጨረሻ ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻውን ያለመልመው የነበረው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አልጋው መሐሉ ይሰረጉዳል።

ደረጃው አራት ነው። በመጀመሪያው ሴቲቱ ምንም ላይሰማት ይችላል። በአራተኛው ማህፀኑ ሙሉ በሙሉ ከሰውነት ውጭ ይሆናል፤ ሲቀመጡ ይቆጠቁጣል፣ ሲሄዱ ልብስ ይፈገፍገዋል፣ ይቆስላል። በመሐል ባሉት ደረጃዎች ደግሞ ቀን ይወርድና ሌሊት ሲተኙ ይመለሳል። ብዙ ሴቶች ጠዋት ደኅና ነበርኩ፣ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ወረደብኝ የሚሉት ለዚህ ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ማምለጥ፣ ወይም ጭራሽ አልወጣም ማለትም ከዚሁ ጋር ይመጣል። ከባል ጋር መተኛት ሥቃይ ይሆናል፣ አለዚያም ሴቲቱ እንዳይታወቅባት ትሸሻለች።

በአማራ ክልል ይህ ሕመም ምን ያህል እንደተስፋፋ ከተጠኑት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ከጎንደር በስተሰሜን ያለው የዳባት ወረዳ ነው። ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የመነሻ ጥናት 395 ሴቶችን ጠይቆ ነበር። በቃል ሲጠየቁ ከዳሌ ወለል መላላት ጋር የተያያዘ ችግር አለብኝ ያሉት ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ለምርመራ ፈቃደኛ በሆኑት ላይ ግን ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የደረሰ መውረድ የተገኘው ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያለባት ሴት ሁሉ ትሠቃያለች ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። የሆነ ሆኖ በተነገረውና በታየው መካከል ያለው ርቀት ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ካለው ቁልቁለት የሚተናነስ አይደለም። ያው ጥናት ሕመሙ ከምን ጋር እንደሚሄድም ጠቁሟል። በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከም፣ ረጅም ምጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ በደጋ ገጠር መኖር ነው።

ደጋ። የዳባትም ደጋ፣ የጣርማ በርም ደጋ፣ የአንኮበርም፣ የመንዝም። ብርዱ አይደለም ሴቲቱን የሚጎዳት፤ ደጋ ማለት ዳገት ነው፣ ዳገት ደግሞ ሸክሙን በእጥፍ ያከብደዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ የኖርዌይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የአማራ ክልል ሴቶችን ድምፅ የያዘ ሌላ ጥናት አሳተሙ። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ለፌስቱላ ታማሚዎች በሰጡት አገልግሎት የሚታወቁት ዶ/ር ሙሉ ሙለታ ናቸው። ሴቶቹ የሕመማቸውን ምክንያት ሲናገሩ ከሐኪሞች ብዙም አልራቁም። ከባድ ሥራን፣ ወሊድንና ከወሊድ በኋላ በቂ ዕረፍት አለማግኘትን ጠቅሰዋል። ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል ማለት ነው። የጎደለው መዳን እንደሚቻል ማወቅና ሕክምናው ዘንድ መድረሻው ነው።

ስለ ዕረፍቱ ወግ አለን። አራስ ገንፎዋን በልታ፣ አጥሚቷን ጠጥታ፣ ወንድ ከወለደች እስከ 40፣ ሴት ከወለደች እስከ 80 ቀን ክርስትና ድረስ ከከባድ ሥራ ተከልላ እንድትቆይ አያቶቻችን ሥርዓት አበጅተው ነበር። ለዳሌ ጡንቻ ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ የዛሬ ሐኪምም አይሰጥም። ችግሩ ሥርዓቱ የሚሠራው ረዳት ላላት መሆኑ ነው። እናቷ በሕይወት ያለች፣ እህት ያላት፣ ባሏ ጀሪካን ማንሣትን ነውር የማይል ሴት ታርፋለች። ረዳት የሌላት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የምትኖረው በአሥር ቀኗ ወደ ምንጩ ትወርዳለች።

ጋብቻው ደግሞ አስቀድሞ ይጀምራል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርገውም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ድረስ ተድረው ተገኝተዋል። አጥንቷ ሳይጠና የወለደች ልጅ ምጧ ይረዝማል። በቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በ2005 እ.ኤ.አ. በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሆናቸው የጣርማ በር እናቶች ግን የወለዱት ከ100 አምስት ብቻ በጤና ተቋም ይወለዱ በነበረበት ዘመን ነው፤ የዚያን ዘመን ምጥ ዋጋ የሚከፍሉት ዛሬ ነው።

ሕመሙ መፍትሔ የሌለው ከሆነ ማውራቱ ጭካኔ ይሆን ነበር። አለው። ገና ሲጀምር ጡንቻውን የሚያጠነክር ልምምድ ይረዳል። ሽንት ወይም አየር እንዳያመልጥ እንደሚደረገው የታችኛውን ጡንቻ ጭምድድ አድርጎ አምስት ያህል ቆጥሮ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ መደጋገም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ይህን ሳያቋርጡ ለወራት። ሽንት እየሸኑ መሞከር ግን አይገባም። እንጀራ እየጋገሩም፣ ቡና እየቆሉም፣ ቅዳሴ ቆመውም ይደረጋል፤ ማንም አያይም። ከዚያ ይበልጥ ለወረደው ፔሳሪ የሚባል ከጎማ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል፤ እየወጣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ለባሰው ቀዶ ሕክምና አለ፤ አንዳንዴ ማህፀኑ ተቆርጦ ይወጣል፣ አንዳንዴ ተመልሶ ይሰፋል፣ የላላው ወለልም ይጠገናል። የሰባ ዓመት አሮጊትም ቀዶ ሕክምናውን ልታደርግ ትችላለች።

ኢትዮጵያ በሴቶች የተደበቀ ሕመም ላይ ለዓለም ያስተማረችው ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። የወሊድ አደጋ ለቤተ መንግሥት ልዕልትም አይመለስም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት በ22 ዓመታቸው አረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ። በ1959 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ወደዚያው ሆስፒታል የመጡት አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ያገኟቸው ግን ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንታቸው ያለማቋረጥ የሚፈስባቸው፣ ከሰው የተለዩ ሴቶች ነበሩ። ሕመሙ ፌስቱላ ይባላል። በ1974 እ.ኤ.አ. የከፈቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከጊዜ በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አበጀ። ታካሚ ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼ እዚያው ቀርታ፣ መጻፍና ማንበብ ሳትማር ቀዶ ሕክምናን ከእጅ ወደ እጅ ተምራ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሳለች። ዶ/ር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ ሆስፒታሎቹ ያከሟቸው ሴቶች ከ60 ሺህ በላይ ሆነው ነበር።

ፌስቱላን ሰው አወቀው፤ ራዲዮ አወራለት፣ ገንዘብ መጣለት። የማህፀን መውረድ ግን በብዛት ከፌስቱላ እጅግ ይበልጣል፤ ስለ እሱ የሚነገረው ግን ገና ትንሽ ነው። አንዱ ምክንያት ፌስቱላ የወጣት ሕመም፣ ይህ የአሮጊት ሕመም ተደርጎ መታየቱ ይመስላል።

አሁን ወደ እውነተኛው እርጅና እንሂድ፤ ይልቁንም ወደ ደጃፉ። የሕክምናው ቃል ማረጥ ነው፤ ሴቶቹ ‹‹ደሜ ቆመ›› ወይም ‹‹አበባዬ ቀረ›› ይላሉ። አብዛኛዋ ሴት ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜዋ ትደርስበታለች። ደም ለ12 ተከታታይ ወራት ከቀረ ያን ጊዜ አርጣለች ይባላል። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት የተዘበራረቁ ናቸው፤ አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ይቀራል፣ ሦስተኛው ይበዛል። በእነዚህ ዓመታት መፀነስ ይቻላል፤ ‹‹አለፈልኝ›› ብላ የተዘናጋች ሴት ያልጠበቀችው እርግዝና ሊገጥማት ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። በአገራችን ካሉት የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ ብዙ የምትወሰደው በየሦስት ወሩ የምትሰጠው መርፌ ናት፤ በ2016ቱ ጥናት ያገቡ ሴቶች 23 በመቶው ይወስዷታል። መርፌዋ ራሷ ብዙ ጊዜ ደምን ስለምታስቀር ተጠቃሚዋ ማረጧን የምታውቅበት ምልክት አይኖራትም።

በጣርማ በር ብርድ ሌሊት ጋቢዋን ወርውራ፣ ላብ አጥምቋት የምትነሣ ሴት ምን ሆንኩ ብላ ታስባለች? ሙቀቱ ከደረት ተነሥቶ ወደ ፊት ይወጣል፣ ልብ ይመታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ይበርዳል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ በቅርቡ ተመልሳ ከሆነ ወባ ነው ብትል አይፈረድባትም። ሌላዋ ምች ትለዋለች። የእንቅልፍ ማጣቱ፣ የመነጫነጩ፣ የልብ መጨነቁም ስም አያገኝም። ይህ ሁሉ በሽታ አይደለም። ለአብዛኛዋ ሴት ከዓመታት በኋላ ይበርዳል። ጠንክሮ ኑሮ የሚነሣት ግን ሐኪም ሊረዳት ይችላል።

ኤስትሮጅን ሲቀንስ የሚለወጠው ሌላው ቦታ ብልት ነው። በመውለጃ ዕድሜ ውስጠኛው ክፍል ጎምዘዝ ያለ ነው። ልክ በሊጥ ውስጥ እርሾ እንደሚኖር ሁሉ እዚያም መልካም ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ጉምዛዜውን የሚፈጥሩት እነርሱ ሲሆኑ ጉምዛዜው ደግሞ ክፉውን ጀርም ይከላከላል። በሳይንሱ ልኬት ፒ ኤች ከ3.8 እስከ 4.5 ይሆናል። ካረጡ በኋላ ከ5 ይበልጣል፤ ጥበቃው ይሳሳል። ግድግዳው ራሱ ይቀጥናል፣ ይደርቃል። ማሳከክ፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መመላለስ፣ በግንኙነት ጊዜ መቁሰል ከዚህ ይመጣሉ። ሴቲቱ ሽታ ያለባት መስሏት በሳሙና አጥብቃ ትታጠባለች፤ ሳሙናው የቀረውን ጥበቃ ያጥባል፣ ማሳከኩ ይብሳል። ውስጡን መታጠብ አያስፈልግም፤ ውጭው በንጹሕ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። በወሎና በአካባቢው የተወደደው የወይባ ጢስም ሰውነትን ያፍታታል፣ ድካም ያወጣል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የደረቀና የሳሳ አካል ላይ ግን ሙቀቱ ሊያቃጥል፣ ጢሱ ሊያሳክክ ስለሚችል ቁስለት ያለባት ሴት ብትተወው ይሻላታል። ለድርቀቱ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ፣ በሐኪም ትእዛዝ ደግሞ በቦታው የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም የመሰሉ መፍትሔዎች አሉ።

ይህን ማን ይነግራታል? ጣርማ በር ባለበት በሰሜን ሸዋ ለደም መቆም የተሰጠው ትርጉም ከሕክምናው የተለየ ነው። በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የማትገባው ሴት ደሟ ሲቆም በሩ ሁልጊዜ ይከፈትላታል፤ ለብዙዎች ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። አንዳንዷ ቆብ ትደፋለች፣ ጾምና ጸሎቷን ታበዛለች፣ ጻድቃኔ ማርያም ገዳም ሄዳ ትሳለማለች። የተከበረ የሕይወት ምዕራፍ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ጥላው ግን አለ። በዚያ ዕድሜ ስለ ብልት ድርቀት ወይም ስለ ባልና ሚስት መተኛት ማውራት እንደ ቅሌት ይቆጠራል፤ ባሏ ያለ፣ ቆብም ያልደፋች ሴት ሕመሟን ይዛ ዝም ትላለች። ሽንት የሚያመልጣት ደግሞ ልብሴ ረከሰ ብላ፣ የሚናፍቃትን ቅዳሴ ሳይቀር ከውጭ ሆና ትሰማለች። ለነጻነት የተከፈተው በር በሌላ በኩል ተዘጋባት ማለት ነው።

ጤና ሥርዓቱም በራሱ መንገድ ይዘነጋታል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሴት ባለሙያዎችን አሰማርቶ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት የቀነሰ ታላቅ ሥራ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ መርፌ ትወስጃለሽ ወይ፣ ልጁ ተከትቧል ወይ የሚሉ ናቸው። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚያነጋግራቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። አንዲት ሴት 50ኛ ልደቷን ስትይዝ ከመጠይቁ ትወጣለች። ገና ሃያ ዓመት ዳገት ይቀራታል፤ በአገሪቱ ቁጥር ውስጥ ግን ማህፀኗ የለም።

ይህ አለመቆጠር ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው በካንሰር ነው። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በአገራችን በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዛሉ፣ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉ። መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከመያዝ እስከ ካንሰር ድረስ አሥርና ሃያ ዓመት ይወስዳል፤ ለዚህ ነው በወጣትነት የገባው በጉልምስና የሚገድለው። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ስድስት እጥፍ ነው።

መመርመሪያው አስገራሚ ቀላል ነው። ኮምጣጤን የሚመስል ቀጭን አሲድ የማህፀኑ በር ላይ ይቀባል፤ ጤናማ ያልሆነው ክፍል በደቂቃ ውስጥ ይነጣል። ከነጣ እዚያው በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል፣ ሴቲቱ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በአገራችን መመሪያ ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት የታሰበ ነው። ለልጆቻቸው ደግሞ ክትባት አለ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ በአንድ መርፌ ብቻ በዘመቻ ተሰጥቷል። ለአያቶቻቸው የሚሆን አንድ ምልክት ግን በየቤቱ ቢነገር ምኞታችን ነው፤ ደም ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ አንዲት ጠብታ ደም ብትታይ እንኳ ‹‹አበባዬ ተመለሰ›› ተብሎ አይታለፍም። አይመለስም። ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከድርቀት የተነሣ ቀላል ነገር ይሆናል፣ አንዳንዴ ግን የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ዘግይቶ ለተገኘው የሚሆነው የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋው ስንቶችን በመንገድ አስቀርቷል።

መንገድ ሲባል ጣርማ በርን ማለፍ አይቻልም። ከደብረ ሲና የተላከች ታካሚ ሪፈር የምትባለው ወደ ደብረ ብርሃን ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅብ፣ በዋሻው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን እየዘጋ እየከፈተ ቆይቷል። ለምጥ መኪና ሲጠፋ ለማህፀን መውረድ ማን መኪና ይፈልጋል? ‹‹ሃያ ዓመት ችዬዋለሁ፣ ሰላም እስኪሆን እችለዋለሁ›› ማለት ቀላል ይሆናል። አንዳንዷ የጠበሉን መንገድ ትመርጣለች፤ እምነቷ ያጽናናታል። ብልህ ካህን ደግሞ ጠበልና ሕክምና እንደማይጣሉ ይነግራታል፤ የንስሐ አባት አንድ ቃል ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

የተሳካላት ሴት ቀዶ ሕክምናውን አድርጋ ከሆስፒታሉ ስትወጣ አንድ ትእዛዝ ትቀበላለች፤ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ከባድ ነገር አታንሺ፣ ከዚያም በኋላ ተጠንቀቂ። ቀዶ ሕክምናው ምንም ያህል የተዋጣ ቢሆን የተሰፋው ጠፍር ሳይጠነክር ሸክም ከተጫነበት እንደገና ይላላል። ወረቀቱን ጉያዋ አድርጋ መኪናው ዋሻውን ሲያልፍ ጉሙ ያው ነው፣ ምንጩም ያው ከታች።

ስለዚህ ሐኪሙ የስፌቱን ነገር ነግሮ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ሊጨምር ይገባል፤ ከእንግዲህ ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው? ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለእርሷ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለሚጠብቃት ባሏ ወይም ለልጇ ነው፤ ከእርሷ ጋር ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ መልስ እስኪሰጥ ድረስ።